ግቤ 2 የለቀቀውን ውሃ ሌሊት ወደ ላይ መልሶ መግፋት ለምን አይቻልም? የፓምፕ ማከማቻ ጥቅምና ጣጣ

አዌቱ ዳር
ሰላም ለመድረኩ። ሁለት ጥያቄ ነው ያለኝ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ።

ትልቁ፦ ከጅማ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የግልገል ግቤ ውሃ መጀመሪያ ግቤ 1 ላይ 184 ሜጋ ዋት ይሰጣል። ከዚያ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ሄዶ ግቤ 2 ላይ 420 ሜጋ ዋት ይሰጥና ኦሞ ውስጥ ይገባል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አገሩ ተኝቶ ኃይል ሲተርፍ ያንኑ ውሃ በፓምፕ ወደ ላይ መልሶ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ምጣዱ ሁሉ ሲጣድ እንደገና ማውረድ ለምን አይሆንም? ውጭ አገር ይሠራበታል ይባላል።

ትንሹ፦ ለአንድ እሸት ቡና ማጠቢያ ሶላር ሊገባ ታስቧል። ከመፈልፈያው በላይ 50 ሜትር ከፍ ያለ ጉብታ አለ፤ እስከ ጫፉ ቧንቧው 300 ሜትር ይሆናል። እዚያ 100 ሜትር ኩብ ገንዳ ሠርቶ፣ ቀን በሶላር ሞልቶ፣ ማታ በትንሽ ተርባይን መብራት ማውጣት ባትሪ ከመግዛት ያድናል ወይ? «ባትሪ በ5 ዓመት ይሞታል፣ ውሃ አይሞትም» የሚል ክርክር ተነስቷል። ቁጥር ያለው መልስ ብታገኙልኝ ደስ ይለኛል።

ቦዬ 12
ወንድም አዌቱ፣ ትልቁን እኔ ልያዘው።

የግቤ 2 ተርባይኖች ፔልተን ናቸው፤ አራት፣ እያንዳንዱ 105 ሜጋ ዋት። ፔልተን ጠርዙ ላይ ጭልፋ የሚመስሉ ባልዲዎች የተደረደሩበት ጎማ ነው። ውሃው ከአፍንጫው እንደተወረወረ ጦር ወጥቶ ጭልፋውን ይመታል፣ መሃል ላይ ባለው ስለት ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ጉልበቱን ሰጥቶ ወደታች ይረግፋል። ጎማው የሚዞረው አየር ውስጥ ነው፣ ውሃ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ሞተር አስገብተህ ወደ ኋላ ብታዞረው ነፋስ ከማንሳት በቀር አንድ ባልዲ ውሃ ወደ ላይ አይልክልህም። መልሶ የሚገፋ ጣቢያ የሚሠራው ባለ ሁለት ጠባይ ፍራንሲስ በሚባለው ማሽን ነው፤ ሙሉ በሙሉ በውሃ ተሞልቶ ወደ አንዱ ጎን ሲዞር ተርባይን፣ ወደ ሌላው ሲዞር ፓምፕ ይሆናል።

«እንግዲያው ማሽኑን ቀይሩት» እንዳትል፣ ችግሩ ማሽኑ ብቻ አይደለም።

አንደኛ፣ ፓምፕ ሲሆን መምጠጫው በኩል ግፊት ይፈልጋል። ግፊቱ ካነሰ ውሃው በቀዝቃዛው «ይፈላል»፤ የእንፋሎቱ አረፋ ብረቱ ላይ እየፈነዳ ምስጥ የበላው እንጨት ያስመስለዋል። ካቪቴሽን የሚባለው ይሄ ነው። ለዚህ ሲባል ማሽኑ ከታችኛው ሐይቅ ወለል በታች ብዙ ጊዜ ከ30 ሜትር በላይ ጠልቆ ይቀመጣል። ፔልተን ደግሞ በተቃራኒው ከታችኛው ውሃ በላይ መሆን አለበት። ማሽን ቀይሩ ማለት ሌላ ቤት ከሥር ቆፍሩ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ዋሻው። ለእንዲህ ያለ ጣቢያ መሐንዲስ መጀመሪያ የሚያየው የውሃ መንገዱ ርዝመት ለከፍታው ስንት እጥፍ እንደሆነ ነው። ከ10 እጥፍ በታች ሲሆን ደስ ይላል። ግቤ 2 ላይ 26,000 ሜትር ርዝመት፣ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ፤ ከ50 እጥፍ በላይ። የዋሻው ዲያሜትር ከ6 ሜትር በላይ ስለሆነ ውስጡ ያለው ውሃ ብቻ ከ700 ሺህ ቶን ይበልጣል። ይህንን ሁሉ አቁሞ፣ አቅጣጫ አስቀይሮ፣ በየቀኑ ሁለቴ ወደ ላይና ወደ ታች ማመላለስ ማለት ነው። ሩጫ ላይ ያለ 700 ሺህ ቶን በአንዴ አይቆምም፤ የግፊት ማዕበሉን የሚቀበል ትልቅ የማረፊያ ጉድጓድ ይፈልጋል፣ በግጭት የሚባክነውም ኃይል በሁለቱም ጉዞ ይከፈላል።

ሦስተኛው ቀላሉ ነው፦ ከታች የሚጠባ ሐይቅ የለም። ግቤ 2 የሚለቀው ወንዝ ውስጥ ነው። ወንዝ በበጋ የሚሰጥህን ነው የምትወስደው።

አዌቱ ዳር
ጋሽ ቦዬ፣ ስለ ጭልፋው እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አሁን ታየኝ። ግን ግቤ 2 ባይሆን ሌላ ቦታ አዲስ ቢሠራስ?

ሄርማታ
እዚህ ላይ «ይቻላል ወይ» የሚለውን ትተን «ምን ይጠቅማል» እንበል።

ፓምፕ ማከማቻ ኃይል አያመነጭም። 100 ኪሎ ዋት ሰዓት ከፍለህ ውሃ ትሰቅላለህ፣ ሲወርድ ከ75 እስከ 80 ታገኛለህ። የቀረው በፓምፑ፣ በቧንቧው፣ በተርባይኑ፣ በጄኔሬተሩና በትራንስፎርመሩ መንገድ ላይ ይቀራል። የምትገዛው ሰዓት ነው፤ የሌሊቱን ወደ ምሽት ማሻገር። ሻገር ለማድረግ ደግሞ ሌሊት የሚተርፍ፣ ማጥፋት የማይቻል ኃይል መኖር አለበት። ደቡብ አፍሪካ የድራከንስበርግን ፓምፕ ማከማቻ በ1981 እ.ኤ.አ.፣ ቀጥሎም 1,332 ሜጋ ዋቱን ኢንጉላን የሠራችው የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ሌሊት ጠፍቶ ጠዋት እንደ ምድጃ ስለማይለኮስ ነው። ከሰሉ ሌሊቱን ይነድዳል፣ ትርፉ ውሃ ይሰቅላል።

እኛ ጋ ሌሊት ፍላጎት ሲቀንስ ምን ይሆናል? የግቤ 3 ወይም የሕዳሴው ግድብ ተርባይን በሩን ይገድባል። ውሃው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይቆያል፤ ነገ ይሠራል። ያልወረደ ውሃ መልሶ መሰቀል አያስፈልገውም።

በቁጥር ልበለው። ሕዳሴው ላይ በ130 ሜትር ገደማ ከፍታ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ለማውጣት 3.1 ሜትር ኩብ ውሃ ይፈልጋል። ከአዳማ ወይም ከአሸጎዳ 100 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ለአንድ ሰዓት ቢመጣ፣ ግድቡ በዚያች ሰዓት ከ310 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ሳይለቅ ያቆያል። ነፋሱ ሳይባክን ውሃ ሆኖ ተቀመጠ። ኪሳራው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በፓምፕ ቢሆን ከሩብ እስከ አንድ አምስተኛ ይጠፋ ነበር። ያለ ፓምፕ የሚሠራ ማከማቻ እያለን ባለ ፓምፑን የምንገዛበት ምክንያት ይታየኝ ዘንድ እጠብቃለሁ።

ቦሳ ቂጦ
እህት ሄርማታ፣ ስሌቱ ትክክል ነው፣ ድምዳሜው ግን ትንሽ ቸኩሏል።

ግድብ ሁሌም እንደፈለገ በሩን አይዘጋም። ከታች ያለው ወንዝ፣ መስኖው፣ ዓሣው፣ ጎረቤት አገሩ የሚጠብቀው ትንሹ ልቀት አለ፤ ከዚያ በታች አይወረድም። ክረምት ላይ ደግሞ ሐይቁ ሞልቶ በማስተንፈሻው እየፈሰሰ ከሆነ ተርባይን መዝጋት ውሃ ማዳን ሳይሆን ውሃ መድፋት ነው። በዚያ ሰዓት «ነፋሱን በውሃ አስቀምጫለሁ» የሚለው ነገር አይሠራም።

ሌላም አለ። ሕዳሴው ሱዳን ድንበር ጫፍ ነው። ኃይሉ ጅማ እስኪደርስ መስመሩ ረጅም ነው፣ አንድ መስመር ሲወድቅ የሚናጋው ብዙ ነው። ፓምፕ ማከማቻ ከተጠቃሚው ቅርብ ሊቀመጥ ይችላል። ዌልስ ያለው ዲኖርዊግ 1,728 ሜጋ ዋት ነው፤ ማሽኖቹ አየር ውስጥ እየዞሩ ተጠባባቂ ሆነው ከዜሮ ወደ 1,320 ሜጋ ዋት በ12 ሰከንድ ይደርሳሉ። ጭነት በዝቶ የመብራት መረቡ ምት (ፍሪኩዌንሲ) ሲወርድ እንዲህ ያለ ጎረቤት ማግኘት ቀላል አይደለም። ኬፕ ታውን ከተማም ስቲንብራስ የምትባል 180 ሜጋ ዋት ጣቢያ አላት፤ የመብራት ፈረቃ ሲታወጅ ከተማዋ በእሷ ፈረቃውን ታቀልበታለች።

ሄርማታ
የክረምቱን ነጥብ እቀበላለሁ፤ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን መድኃኒቱ ለዚያ በሽታ አይሆንም። ክረምት ላይ የሚፈሰው ትርፍ የሁለትና የሦስት ወር ትርፍ ነው። ፓምፕ ማከማቻ የሚይዘው የ6፣ የ10፣ ቢበዛ የ20 ሰዓት ነው። የላይኛው ሐይቅ በመጀመሪያው ሌሊት ይሞላል፤ በሁለተኛው ሌሊት ምን ልትሰቅልበት ነው? የኢትዮጵያ የኃይል ችግር የክረምትና የበጋ ነው፣ የሌሊትና የምሽት አይደለም። ለዚያ የሚሆነው በበጋ የሚበረታው ነፋስ ነው፤ ውሃው ሲቀንስ እሱ ይመጣል።

የፍሪኩዌንሲውንም ቢሆን ተራ የውሃ ጣቢያ ይሠራዋል። ፍራንሲስ ተርባይን በሰከንዶች ውስጥ ጭነት ይጨምራል ይቀንሳል። ቅርበቱን ግን ልክ ብለሃል፤ የመስመር ጉዳይ የመስመር ጉዳይ ነው። እሱ ላይ ግን ዛሬ ባትሪ ከፓምፕ ይቀድማል፤ ሰብስቴሽኑ (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያው) ግቢ ውስጥ በወራት ይቆማል።

ጅሬን ላይ
«አዲስ ቢሠራስ» ለሚለው የአፈርና የድንጋዩን ወገን ልጨምር።

እስቲ በግምት እንጫወት። አንድ ከተማ 10 ሜጋ ዋት ለ5 ሰዓት ትፈልጋለች እንበል፤ 50 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት። ተራራው 200 ሜትር ከፍታ ቢሰጠን፦ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 367 ሜትር ሲወርድ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ይሄን ቁጥር ያዙት፣ ሁሉን ያሰላላችኋል። 50,000 × 367 ÷ 200፣ በማሽኑ 90 በመቶ ብቃት ሲካፈል 102 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ። 100 ሜትር በ100 ሜትር የሆነ፣ 10 ሜትር የጠለቀ ገንዳ ማለት ነው። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። ሲወርድ በሰከንድ 5.7 ሜትር ኩብ ይፈስሳል። መጠኑ የሚያስፈራ አይደለም። (ጅሬን ላይ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ እንቆፍር የሚል ካለ ግን እኔ የለሁበትም።)

የሚያስፈራው ሌላው ነው።

ገንዳው ማፍሰስ የለበትም። የተሰቀለ ውሃ ገንዘብ ተከፍሎበታል፤ የሚሰርገው እያንዳንዱ ሊትር የተከፈለበት መብራት ነው። ስለዚህ ሸክላ አፈር መጠቅጠቅ ብቻ አይበቃም። ውሃው በየቀኑ ብዙ ሜትር ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ሲወርድ ከሽፋኑ ጀርባ የቀረው ውሃ ሽፋኑን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ጎኑም ይንሸራተታል። አስፋልት ወይም ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ምንጣፍ) ሽፋን፣ ከሥሩም የማፍሰሻ ንጣፍና የሚለካ ቦይ ይደረጋል። ያ ቦይ ውስጥ የሚወርደው ውሃ ድንገት ከጨመረ የሆነ ቦታ ተቀድዷል።

ዋሻ ደግሞ ዋሻ ነው። ግቤ 2 ራሱ በጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ ዋሻው ውስጥ ድንጋይ ወርዶ ለወራት ቆሟል። አውስትራሊያ ውስጥ ስኖዊ 2.0 የተባለው ሲታወጅ 2 ቢሊዮን የአገሩ ዶላር ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. 12 ቢሊዮን ደረሰ። ከቆፋሪ ማሽኖቹ አንዷ ለስላሳ መሬት ውስጥ ገብታ ለረጅም ጊዜ ተቀርቅራለች። የዚህ ሥራ ዋጋ የሚታወቀው ድንጋዩ ሲከፈት ነው፤ ቀድሞ ቁጥር የሚነግርህን ሰው በጥርጣሬ ስማው።

አሁን ደግሞ ትንሹንም ገንዳ የሚመለከተው። ዝናብ የሚሞላው ግድብ ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ፓምፕ የሚሞላው ግን ሰው ካላቆመው አይቆምም። ሚዙሪ ውስጥ ቶም ሶክ የተባለ ጣቢያ ነበር፤ የላይኛው ገንዳ ተራራ ጫፍ ላይ በድንጋይ ክምር የተሠራ፣ ማስተንፈሻ የሌለው። የውሃ ከፍታ መለኪያዎቹ ከማሰሪያቸው ተላቀው ትክክለኛውን ከፍታ ዝቅ አድርገው ያሳዩ ነበር። መጠባበቂያ መለኪያዎቹ ደግሞ ከግንቡ ዝቅተኛ ቦታ በላይ ነበር የተሰቀሉት። ዲሴምበር 14 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ንጋት ላይ ፓምፑ መግፋቱን ቀጠለ፣ ውሃው በግንቡ ላይ ፈሰሰ፣ ክምሩን ከሥር በላው፣ ግንቡ ተናደ። ከ4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያላነሰ ውሃ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወረደ። ሰው አለመሞቱ ክረምታቸው ስለነበር ነው፤ ከሥሩ ያለው የመዝናኛ ሥፍራ ጎብኚ አልነበረበትም። በ2010 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲከፈት በኮንክሪት ተገንብቶ ማስተንፈሻም ተሠርቶለት ነው።

ቦዬ 12
የጅሬንን ላጠናክር። ደለልንም አትርሱ። የግልገል ግቤ ውሃ በክረምት ቡናማ ነው፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችም የሐይቁን ደለል አጥንተው ጽፈውበታል። ተራ ግድብ ላይ ደለሉ አንዴ ይወርዳል። በፓምፕ ማከማቻ ግን ያው አሸዋ በዚያው ማሽን ሲወጣ ይፍቃል፣ ሲወርድ ይፍቃል። ክፍተታቸው የአንድ ሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሆነ ማሸጊያዎች አሉ፤ መጀመሪያ የሚያልቁት እነሱ ናቸው። ለዚህ ነው ከወንዝ የተለየ፣ አንዴ ተሞልቶ የተነነውን ብቻ የሚተካ ዝግ ዙር የሚመረጠው።

ማሽኑ ፓምፕ ሆኖ ሲነሳ የሚያልፍበትንም ላንሳ፤ ብዙ ሰው ማብሪያ የመጫን ያህል ያቀለዋል። ውሃ ተሞልቶ ከቆመበት በሞተር ማስነሳት አይቻልም፣ በጣም ይከብዳል። መጀመሪያ ዋናው ቫልቭና ዙሪያውን ያሉት ክንፎች ይዘጋሉ። የተጨመቀ አየር ይገባና ውሃው ከጎማው በታች ይገፋል። ጎማው አየር ውስጥ በፍሪኩዌንሲ መቀየሪያ ቀስ በቀስ ፍጥነት ይይዛል። ከመረቡ ጋር ይጣመራል። ከዚያ አየሩ ይለቀቃል፣ ውሃው ተመልሶ ጎማውን ይሞላል፣ ግፊት ይሠራል፤ በመጨረሻ ክንፎቹ ይከፈታሉ። ደቂቃዎች ይወስዳል። ተራው ዓይነት ማሽን ፓምፕ ሲሆን የሚበላው ኃይል ቋሚ ነው፤ 300 ሜጋ ዋት ከሆነ 300 ነው፣ 180 ተርፎኛልና 180 ብላ አይባልም። ፍጥነቱን መቀያየር የሚችለው ዓይነት ይህን ይፈታል፤ ጀርመን ጎልዲስታል ላይ ከአራቱ ሁለቱ እንዲህ ናቸው። ይወደዳል ግን።

ቦሳ ቂጦ
ጣጣውን ብቻ ደረደራችሁት። እንግዲያውስ በዓለም ላይ ከ180 ጊጋ ዋት በላይ ለምን ተሠራ? ሲቪል ሥራው በአግባቡ ከተያዘ 50 እና 100 ዓመት ያገለግላል፤ ስዊዘርላንድ ሻፍሃውዘን ያለው ከ1909 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ቻይና ፌንግኒንግ ላይ ብቻ 3,600 ሜጋ ዋት ተክላለች። ረጅም ሰዓት ለመያዝ ገንዳ ማስፋት ይበቃል፤ ባትሪ ግን ሰዓቱ በተጨመረ ቁጥር ሣጥን ነው የሚጨመረው። ሶላር እኛም ጋ በሺዎች ሜጋ ዋት ሲገባ ቀን ሙሉ ተርፎ ማታ ይጎድላል፤ ያኔ ይሄ ክር እንደገና ይከፈታል።

ሄርማታ
ያኔ እከፍተዋለሁ፤ ቃሌ ነው። ያኔም የመጀመሪያው እርምጃ ባሉት ግድቦች ላይ ተርባይን መጨመር ይሆናል፣ ፓምፕ ሳይሆን። ውሃው አንድ ነው፤ ቀን ዘግቶ ማታ በብዛት መልቀቅ ነው።

ፈረንጅ አራዳ
ትልልቆቹ ግድብ ሲከራከሩ የቡናው ሰውዬ ተረሳ። አዌቱ፣ ስሌቱ ይኸውልህ።

100 ሜትር ኩብ፣ 50 ሜትር። 100 × 50 ÷ 367 = 13.6 ኪሎ ዋት ሰዓት። ይሄ ምንም ሳይባክን ነው። አሁን የሚባክነውን እናውጣ።

ቧንቧው ውስጡ 100 ሚሊ ሜትር፣ ፍሰቱ በሰከንድ 10 ሊትር ቢሆን፣ በፒቪሲ ላይ በየ100 ሜትሩ 1.5 ሜትር ገደማ በግጭት ይጠፋል፤ በ300 ሜትር 4.4 ሜትር። የቀረህ 45.6 ሜትር። ትንሽ ተርባይንና ጄኔሬተር ተደምረው 60 በመቶ ቢሰጡ (ለጋስ ሆኜ ነው) 2.7 ኪሎ ዋት። ገንዳው በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያልቃል። የምታገኘው 7.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው።

ለመሙላት ደግሞ 54.4 ሜትር ትገፋለህ። ፓምፕና ሞተር አብረው 55 በመቶ ቢሆኑ 27 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። 27 አስገብተህ 7.4 ወሰድክ፤ 27 በመቶ። ትልልቆቹ 75 እና 80 የሚያገኙት ማሽናቸው ትልቅ ስለሆነ ነው፤ ትንሽ ሲሆን ሁሉም ነገር ይከፋል። ሊቲየም ባትሪ ከ90 በመቶ ያላነሰ ይመልሳል።

ቧንቧውን ለመቆጠብ 75 ሚሊ ሜትር ብታደርገው የግጭቱ ኪሳራ ወደ 18 ሜትር ይዘልላል። ሲወጣ 68 ሜትር ትገፋለህ፣ ሲወርድ 32 ትቀበላለህ። 34 አስገብተህ 5.3፤ 16 በመቶ።

ስለዚህ 100 ቶን ውሃ ጉብታ ላይ ተሸክሞ፣ ግንብ ገንብቶ፣ ቧንቧ ዘርግቶ፣ ተርባይን ገዝቶ የተገኘው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አንድ ባለ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ የማያክል ነገር ነው። «ውሃ አይሞትም» ያለው ሰው እውነቱን ነው፤ ግን ውሃው ሳይሆን ማሸጊያው፣ ቤሪንጉና ቫልቩ ነው የሚሞተው። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ በአግባቡ ከተያዘ 5 ዓመት ሳይሆን ከ10 በላይ ይሄዳል። በ5 የሚሞተው፣ ቶሎም የሚሞተው፣ እስከ ታች የተጠባ የእርሳስ ባትሪ ነው።

አዌቱ ዳር
ደነገጥኩ። ሰባት ብቻ? ተርባይኑ ውድ ስለሆነ ያንኑ ፓምፕ ወደ ኋላ ማዞርስ? ሲባል ሰምቻለሁ።

ቦዬ 12
ይሠራል፣ የተለመደም ነው፤ ግን የሚበላሽባቸውን ቦታዎች ልንገርህ።

ፓምፕ ተርባይን ሲሆን በተመሳሳይ ፍጥነት የተሻለ የሚሠራው ፓምፕ ሆኖ ከሚወደው ከፍታና ፍሰት በላይ ሲያገኝ ነው፤ እንደ ፓምፑ ዓይነት 1.3 እስከ 1.5 እጥፍና ከዚያም በላይ። አንተ ጋ ግን የተገላቢጦሽ ነው፦ ሲገፋ 54 ሜትር፣ ሲቀበል 45። ስለዚህ አንዱ ፓምፕ ለሁለቱም አይሆንም፤ ለመግፊያ አንድ፣ ለማውረጃ ሌላ ትንሽ ትገዛለህ። ቁጠባው እዚያ ላይ ያልቃል።

ቼክ ቫልቩ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የተሠራ ነው፤ በሱ በኩል ተርባይን አይዞርም፣ ማለፊያ ያስፈልገዋል። ፓምፕ ዙሪያውን የሚከፈቱና የሚዘጉ ክንፎች ስለሌሉት ፍሰቱን መገደብ አይቻልም፤ ጭነት ሲቀንስ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ቮልቴጁም አብሮ ይወጣል፣ አምፖል ይቃጠላል። ትርፉን የሚበላ ማሞቂያና ተቆጣጣሪ ይደረግለታል። መስመሩ በድንገት ቢበጠስ ማሽኑ ያብዳል፤ የፓምፑ ፍሬ ወደ ኋላ ዙረት ሊፈታ ስለሚችል መቆለፊያ ይፈልጋል።

ቫልቭ ደግሞ በችኮላ አይዘጋም። ፒቪሲ ውስጥ በሰከንድ 2 ሜትር የሚሄድ ውሃ በአንዴ ቢቆም 8 ባር ያህል ተጨማሪ ግፊት ይወልዳል፤ ባለው 5 ባር ላይ 13። ቧንቧህ የ10 ባር ከሆነ ክርኑ ላይ ይፈነዳል። የሚዞር ጌት ቫልቭ እንጂ በአንድ ምት የሚዘጋ ቦል ቫልቭ አታድርግ።

ፈረንጅ አራዳ
እኔ ግን ጥያቄውን ከሥሩ ልገልብጠው። እሸት ቡና ቀን ይለቀማል፣ አመሻሽ ላይ ጣቢያ ይደርሳል፣ በዚያው ሌሊት መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይፈላል። ማታ የምትፈልገው መብራት ምንድን ነው? አምፖል፣ ስልክ፣ ሚዛን። ሞተሩን አስበህ ከሆነ 5.5 ኪሎ ዋት የመፈልፈያ ሞተር በ2.7 ኪሎ ዋት ተርባይን አይነሳም፤ ጭራሽ አያስበውም። በብዛት የምትፈልገው ግን ውሃ ነው። ለመፈልፈያው ውሃ፣ ለማጠቢያ ቦዩ ውሃ።

እንግዲያው ውሃውን ወደ መብራት አትቀይረው። ቀን በሶላር ፓምፕ ያለ ባትሪ ቀጥታ ሙላ፤ ሌሊት ውሃው በራሱ ክብደት ይውረድ። የተቀመጠው ሥራው ራሱ ነው፤ ሲወርድ ተርባይንና ጄኔሬተር የሚቀንሱበት የለም። ለቀሙ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ፀሐዩም ጥሩ ነው። ለአምፖሉ ትንሽ ባትሪ ይበቃል። የመፈልፈያው ሞተር የራሱ ጉዳይ ነው፤ በናፍጣው ይቀጥል ወይ ለብቻው ይሰላ።

አዌቱ ዳር
ይሄ ይዋጥልኛል። የመጨረሻ ሁለት ነገር፦ እጃችን ላይ 3 ኢንች ቧንቧ አለ፤ 75 ሚሊ ሜትሩን ስላወገዝከው ልሸጠው? ገንዳውስ ያው ጉብታው ጫፍ ላይ ይሁን?

ፈረንጅ አራዳ
አትሽጠው። 75ቱን ያወገዝኩት በሰከንድ 10 ሊትር ለተርባይን ሲያወርድ ነው። ለመሙያ ብቻ ከሆነ 100 ሜትር ኩብ በ6 ሰዓት ትሞላለህ፣ በሰከንድ 4.6 ሊትር ነው፤ በ300 ሜትር የሚጠፋው ከ18 ወደ 4.3 ሜትር ይወርዳል። የግጭት ኪሳራ ፍሰቱ በእጥፍ ሲቀንስ ወደ ሩብ ገደማ ነው የሚወርደው።

ጉብታው ጫፍ ግን ለምን? 50 ሜትሩን የፈለግከው ለተርባይኑ ነበር። መፈልፈያው 5 ባር ግፊት አይፈልግም፤ እንዲያውም ያስቸግረዋል፣ መገደቢያ ልትገዛለት ነው። ገንዳውን ከመፈልፈያው 10 ሜትር ከፍ ብሎ፣ 60 ሜትር ቧንቧ በሚደርስበት ተረተር ላይ አድርገው። ከግጭቱ ጋር 11 ሜትር ትገፋለህ። በ27 ፈንታ 5.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው በቀን የሚፈጀው። 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢታሰብና ሩቡ ቢባክን ከ7 ኪሎ ዋት ፓነል ወደ 1.5 ወረድክ። ፓምፑን ስትመርጥ ብቻ የ10 ሜትር ፓምፕ ምረጥ፤ ለ50 ሜትር የተሠራ ፓምፕ በ11 ሜትር ላይ ከመጠን በላይ ገፍቶ ሞተሩን ያቃጥላል።

ጅሬን ላይ
የገንዳውን ቦታ ከመቆፈራችሁ በፊት አፈሩን እዩ፤ 100 ሜትር ኩብ ውሃ ግንቡ ሳይቆጠር 100 ቶን ነው። ጥቁር መሬት ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግንቡም አብሮት። እስከ ጠንካራው ቀይ አፈር ወይም ድንጋይ ድረስ አውርዱት።

ገንዳው ሲሞላ ፓምፑን የሚያቆም ፍሎት (ተንሳፋፊ ማጥፊያ) ሁለት ይሁን፤ በተለያየ ሽቦ፣ ሁለተኛው ከግንቡ ዝቅተኛ ጠርዝ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር በታች። ሁለቱም ቢከዱ ደግሞ የትርፍ ውሃ መውጫ ይኑረው። መሙያው 3 ኢንች ነው፣ መውጫው 4 ኢንች ይሁን፣ ቫልቭ አይኑርበት፤ አፉ ላይ ቅጠል እንዳይዘጋው ወንፊት አድርጉና ከተረተሩ ሥር ወዳለው ቦይ ይውረድ፣ ገንዳው መሠረት ላይ አይፍሰስ።